ስድስት ዓመት ሲንሳፈፍ የኖረ ሰው ሮጦ እናቱን ማቀፍ ይችላል?

የተጠየቅኩት፦ «ሰላም ዶክተር። የሳይንስ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ 6 ዓመት ሙሉ መንኮራኩር ውስጥ ክብደት አልባ ሆና ኖራ ወደ ምድር ትመለሳለች። አፋር በረሃ ላይ ያርፋሉ። በሩ ሲከፈት ሮጣ ወርዳ እናቷን ታቅፋለች፤ በማግስቱ አዲስ አበባ ይገባሉ። እዚያው መንኮራኩሩ ውስጥ የወለደችው የ4 ዓመት ልጅም አብሯት አለ። ጓደኛዬ አንብቦ ‹ይሄ አይሆንም፣ እዚያ የቆየ ሰው አጥንቱ ያልቃል፣ በሕይወት አይመለስም› አለኝ። እውነት ነው? ሰውነቷ ምን ይሆናል? ቢያብራሩልኝ።»

ሰላም እህቴ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ታሪክ እየተጻፈ መሆኑን ማወቄ ራሱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢል ታገሺኝ። የማስተምረው የሰውነትን አሠራር ነው፤ ይሄ ጥያቄ ደግሞ በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነው።

አጭሩ መልስ ይሄውልሽ። በሕይወት ትመለሳለች። ሮጣ ግን እናቷን አታቅፍም። የልጁ ነገር ለብቻው የሚታይ ነው፤ በኋላ እመጣበታለሁ።

ጓደኛሽ የያዘው ሐሳብ በብዙ ልብ ወለድና ፊልም ውስጥ አለ። ሕዋ ላይ ያለ ሰውነት ቀን በቀን እየፈረሰ የሚሄድ ተደርጎ ይሳላል። እንደዛ አይደለም። ሰውነቷ እዚያ እያለ በሚገባ እየሠራ ነው፤ የማያስፈልገውን እየጣለ ነው እንጂ። ክብደት የማይሸከም አጥንት ለምን ይወፍራል? ቆሞ የማይውል ሰው ባቱ ለምን ይጠነክራል? ክንዱ ተሰብሮ ጀሶ የታሰረለት ሰው አይተሽ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባሻል። ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ሲፈታ ክንዱ ሰልሎ ይወጣል፤ ማንም ግን ክንዱን አዲስ በሽታ ያዘው አይልም። ሥራ ስላልነበረው ቀጠነ፣ በቃ። የጀግናሽም ሰውነት እዚያ ሕዋ ላይ ለሚኖረው ኑሮ ልክ ሆኖ ተስተካክሏል። ዕዳው የሚመጣው ስበት ሲመለስ ነው። ስለዚህ የታሪክሽ ትልቁ ጭንቅ በረራው ላይ ሳይሆን መመለሱ ላይ መሆን አለበት ብዬ አጥብቄ እመክርሻለሁ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሳ። ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት ስበት ስለሌለ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ እዚያ ያለው ስበት እዚህ መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። የሚንሳፈፉት ጣቢያውም እነሱም አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ስለሚበሩ መሬቱን ሳይነኩ ዙሪያውን ይወድቃሉ። ፈረንሳዊው ደራሲ ጁል ቬርን እንኳ በጨረቃ ጉዞ ልብ ወለዱ ተሳፋሪዎቹን ክብደት ያሳጣቸው የምድርና የጨረቃ ስበት እኩል በሚሆንበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እውነቱ ግን መንኮራኩሯ የሚገፋት ሞተር ከጠፋበት ቅጽበት ጀምሮ ሁሉም ይንሳፈፋል። ሞተሩ እየገፋ ከሆነ ደግሞ መንኮራኩሯ ወለል አላት፣ ጀግናሽም መቆም ትችላለች። መንኮራኩርሽ ሞተሯን መቼ እንደምታጠፋና መቼ እንደምታስነሳ ቀድመሽ ወስኚ፤ ይሄን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ነው የሚይዝሽ።

አሁን ወደ ሰውነቷ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አስቀያሚ ናቸው። ከ10 ጠፈርተኞች ከ6 እስከ 8 የሚሆኑት ያቅለሸልሻቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ታችና ላዩን የሚነግሩን ጥቃቅን ጠጠሮች አሉ፤ እነሱ ዝም ሲሉ ዓይን አንድ ነገር ይላል፣ ጆሮ ሌላ ይላል፣ አንጎል ግራ ይጋባል። በዚሁ ጊዜ እግር ውስጥ የነበረ እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ወደ ደረትና ወደ ጭንቅላት ይወጣል። ፊት ያብጣል፣ እግር ይቀጥናል፣ አፍንጫ ጉንፋን እንደያዘው ይታፈናል። አፍንጫ ሲታፈን ደግሞ ምግብ ጣዕም ያጣል፤ ለዚህ ነው ብዙ ጠፈርተኞች ላይ ሲወጡ የሚያቃጥል ነገር የሚያምራቸው። እንግዲህ ጀግናሽ ሐበሻ ከሆነች ቃሪያና በርበሬ ብትናፍቅ ሳይንሱ ከጎንሽ ነው። ሚጥሚጣ በዱቄቱ ግን አትስጫት! ዱቄት ተበትኖ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ መሣሪያ ውስጥ ይገባል። ጣቢያው ላይ ጨው እንኳ በውኃ ሟሙቶ፣ ቁንዶ በርበሬ ደግሞ በዘይት ተለውሶ ነው የሚቀርበው። አዋዜ በቱቦ ይሻላታል።

እነዚህን ትናንሽ ነገሮች የማነሳልሽ ለታሪክ ጸሐፊ ወርቅ ስለሆኑ ነው። እንባ አይወርድም። ብታለቅስ እንባው ዓይኗ ላይ እንደ ኳስ ተጠራቅሞ ይቀመጣል፣ ያቃጥላልም፤ በፎጣ ካልጠረገችው እየተለቀ አፍንጫዋን ተሻግሮ ወደ ሌላኛው ዓይኗ ሊሄድ ይችላል። ስትተኛ እጆቿ በራሳቸው ተነስተው ፊቷ ፊት ይንሳፈፋሉ። ሽንት ፊኛው ታች ላይ ስለማይከብድ «ሽንቴ መጣ» የሚለው ስሜት ዘግይቶ ነው የሚደርሳት። የውስጥ እግሯ ወፍራም ቆዳ ተልጦ እንደ ሕፃን እግር ይለሰልሳል፤ ራሷን ለማቆም መያዣ ብረት ሥር የምታስገባው የእግሯ ጀርባ ግን ይሻክራል። እዚያ ስድስት ዓመት የኖረች ሴት እግር ተገልብጦ ነው የሚገኘው ማለት ነው። እናቷ እግሯን ስታጥብላት ይሄን ብታይ እንዴት ያለ ትዕይንት ይወጣዋል!

አጥንትና ጡንቻ። ጓደኛሽ «ያልቃል» ያለው ከዚህ የመጣ ነው። ዳሌንና ጭንን የመሳሰሉ ክብደት ተሸካሚ አጥንቶች በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳሉ። ምድር ላይ ያረጡ ሴቶች አጥንት በዓመት የሚያጣውን ያህል እዚያ በአንድ ወር ይሄዳል ማለት ነው። የክንድና የራስ ቅል አጥንት ግን ያን ያህል አይነካም፤ ምክንያቱም እዚያም ሥራ አለው፣ ወይም እዚህም ብዙ አይሸከምም ነበር። የሚሰልለው ባትና ጭን፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው እኩል አይሆንም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ስፖርት ነው። ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን ጎን ለጎን ላስቀምጥልሽ። በሰኔ 1970 ሁለት የሶቪየት ጠፈርተኞች፣ አንድሪያን ኒኮላዬቭና ቪታሊ ሴቫስትያኖቭ፣ ሶዩዝ 9 በተባለች መንኮራኩር ለ18 ቀናት ያህል ቆይተው ተመለሱ። የቆዩባት ክፍል ጠባብ ነበረች፣ የሠሩትም ስፖርት በቂ አልነበረም። ሲያርፉ መቆም አቅቷቸው ሰው ደግፎ ነው ያወጣቸው፤ ለብዙ ቀናትም አልጋ ላይ ነበሩ። ከ18 ቀን በኋላ! ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ቫሌሪ ፖሊያኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም ሚር በተባለው ጣቢያ ላይ 437 ቀናት ኖሮ በመጋቢት 1995 ተመለሰ፤ በአንድ በረራ እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት ክብረ ወሰን ነው። ፖሊያኮቭ ማሳየት የፈለገው ነገር ነበር። ሰው ማርስ ድረስ ተጉዞ ሲደርስ ሥራ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም? ስፖርቱን በሥርዓት ሲሠራ ነበር የከረመው፤ ካረፈ በኋላ ከመንኮራኩሩ ወርዶ አጠገቡ ወደነበረው ወንበር በእግሩ ተራመደ። ጥቂት እርምጃ ነው፤ ለሙያው ግን ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ጣቢያው ላይ ያሉት በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራሉ። ትከሻና ወገባቸው በላስቲክ ወደ ታች እየተጎተተ መሮጫ ማሽን ላይ ይሮጣሉ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በአየር ግፊት ትልቅ ክብደት የማንሳት ያህል የሚያለፋ መሣሪያ አለ፤ እሱ ከመጣ በኋላ የአጥንቱ ሁኔታ በጣም ተሻሽሏል። ስለዚህ የጀግናሽ ዕጣ በአንቺ እጅ ነው። ማሽኑ 6 ዓመት ሙሉ ሠርቷል? ወይስ 3ኛው ዓመት ላይ ተበላሸ? ከጓደኞቿ መካከል ሰነፉስ ማነው? ስድስት ሰዎች አብረው ሄደው በመመለሻው ቀን ስድስት የተለያዩ ሰውነቶች ቢኖሯቸው እኔ የበለጠ አምንሻለሁ።

አንድ ስሌት ግን እንዳታደርጊ። «በወር 1.5 በመቶ ሲባዛ በ72 ወር ከ100 ያልፋል፣ ስለዚህ አጥንት አይኖራትም» የሚል። ጓደኛሽም እንዲህ አስልቶ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አጥንት እንዲህ በቀጥታ መስመር አይወርድም። አከርካሪያቸው ተጎድቶ እግራቸው የማይንቀሳቀስ ሰዎችን ስናይ የእግር አጥንታቸው በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት በፍጥነት ይሳሳል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ይቀንስና ይረጋጋል። አጥንቱ አለ፤ ቀጭንና በቀላሉ የሚሰበር ነው እንጂ። የጀግናሽም ነገር ወደዚህ የሚቀርብ ይመስለኛል። እዚያ ላይ እያለች አጥንቷን አያማትም። ምድር ላይ ደረጃ ስታ ብትወድቅ ግን ዳሌዋ ሊሰበር ይችላል።

ከአጥንት የወጣው ካልሲየም የት ይሄዳል? በደም አድርጎ በሽንት ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ የኩላሊት ጠጠር ይሠራል። የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ሲጮህ ሰምተሽ ካወቅሽ፣ ከምድር በወራት ርቀት ላይ ባለ መንኮራኩር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። ብዙ ደራሲ መንኮራኩሩን በድንጋይ ናዳ ያስመታል። ከኩላሊት የምትወጣ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ጠጠር ግን ተልዕኮውን በሙሉ ማስተጓጎል ትችላለች፤ ለእኔ ይሄ የበለጠ ያስፈራኛል።

ዓይንን ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ጆን ግሌን በ1962 ምድርን ሲዞር ሐኪሞች ዓይኑ ቅርጹን ይቀይራል ብለው ሰግተው ስለነበር ፊት ለፊቱ ትንሽ የፊደል ሰሌዳ ለጥፈውለት በየ20 ደቂቃው እንዲያነብ ነግረውት ነበር። ምንም አልሆነም፤ ፍርሃቱም ተረሳ። ያ በረራ ግን 5 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ሰዎች ለወራት መቆየት ሲጀምሩ ግን የዓይን ኳስ ከኋላው ጠፍጠፍ እንደሚል፣ የዓይን ነርቭ ጫፍ እንደሚያብጥ፣ በቅርብ ማንበብ እንደሚያስቸግር ታወቀ። ወደ ጭንቅላት የወጣው ፈሳሽ እጁ እንዳለበት ይታመናል። አሁን ጠፈርተኞች ኃይሉ የሚስተካከል መነጽር ይዘው ነው የሚወጡት። ስድስት ዓመት ለቆየች ሴት መነጽር ማድረግ ትንሹ ነገር ነው።

ደሟም ቀንሷል። ሰውነት ወደ ላይ የወጣውን ፈሳሽ እንደ ትርፍ ቆጥሮ በሽንት ያስወግደዋል፤ የቀይ ደም ሴሎችም ይቀንሳሉ። በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 14 ጠፈርተኞችን ተከታትለው በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ምድር ላይ ሰውነታችን በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ቀይ ሴሎች ሲያጠፋ ሕዋ ላይ 3 ሚሊዮን ያጠፋል። ይሄን ያዢልኝ፤ አዲስ አበባ ስትደርስ እንፈልገዋለን። ሌላ ደግሞ፣ በአንገት ደም ሥር ውስጥ ደም የመቆም አንዳንዴም ወደ ኋላ የመሄድ ነገር ታይቷል፤ አንድ ጠፈርተኛ እዚያው እያለ የደም መርጋት ተገኝቶበት በመድኃኒት ታክሟል። በልጅነት ኩፍኝ መስሎ መጥቶ ከዓመታት በኋላ አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣውን ዓይነት ተኝቶ የኖረ ቫይረስም ይቀሰቀሳል። ልብም ትንሽ ያንሳል፤ 340 ቀናት የቆየው የአሜሪካዊው ጠፈርተኛ የስኮት ኬሊ የልብ ጡንቻ በሩብ ያህል ቀንሶ ነበር፤ ሥራውን ግን አላቆመም። ጨረር የሚባል ሌላ ትልቅ አደጋ አለ፤ እሱ ግን ከክብደት አልባነት የሚመጣ ስላልሆነ እዚህ አልገባበትም።

እሺ፣ አሁን ውረጅ።

አየር ውስጥ ሲገቡ የመንኮራኩሩ ፍጥነት በኃይል ይቀንሳል፤ በሩሲያዋ መንኮራኩር በሶዩዝ ሲሆን የሰው ክብደት ከ4 እጥፍ በላይ ይሆናል። ነገሩ ከተበላሸ ከዚያም ይብሳል፤ በሚያዝያ 2008 አንዲት ሶዩዝ በተሳሳተ መንገድ ገብታ ተሳፋሪዎቿ ከ8 እጥፍ በላይ ተሸክመዋል፣ ከታሰበውም ቦታ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው ያረፉት። ከመካከላቸው አሜሪካዊቷ ፔጊ ዊትሰን 6 ወር ከቆየች በኋላ ነበር፤ በደህና ወጣች። የዚህ ምስጢሩ አቀማመጡ ነው። በጀርባቸው ተኝተው፣ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ፣ ለሰውነታቸው ቅርጽ በተሠራ መቀመጫ ላይ ናቸው። ጫናው ከደረት ወደ ጀርባ ስለሚሄድ ደም ከጭንቅላት አይሸሽም። ጀግናሽን እንደ አውሮፕላን አብራሪ ቁጭ አድርገሽ አታውርጃት። ከመውረዷ በፊት ደግሞ ጨውና ውኃ ትጠጣ፣ እግርና ሆዷን የሚጨብጥ ጠባብ ልብስ ትልበስ። እውነተኞቹ ጠፈርተኞች እንደዛ ነው የሚያደርጉት።

በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ የሚሰማት የገዛ አካሏ ክብደት ነው። ካናዳዊው ክሪስ ሃድፊልድ በ2013 ከ5 ወር በኋላ ሲመለስ የከንፈሩና የምላሱ ክብደት ተሰምቶት አነጋገሩን መቀየር እንዳስፈለገው ተናግሯል። ጀግናሽ 6 ዓመት ነው የቆየችው። «እማዬ» ለማለት አፏን ትከፍታለች፣ ቃሉ ተወላግዶ ይወጣል። እጇን ከጭኗ ላይ ማንሳት ልፋት ነው። ጭንቅላቷን ወደ እናቷ ድምፅ ብታዞር በረሃው በሙሉ አብሮ ይዞራል፤ ውስጠኛው ጆሮዋ ስበትን ረስቷልና ትንሿን መዞር እንደ ትልቅ መገልበጥ ነው የሚያነበው። ታስመልሳለች። ሰዎች ይሸከሟታል እንጂ አትወርድም፤ ወንበር ላይ በከፊል ተጋድማ ትቀመጣለች። ቀጥ አድርገው ቢያቆሟት ያለው ጥቂት ደም ወደ እግሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። ውኃ ጠጥታ ኩባያውን አየር ላይ ትለቀዋለች፤ ይወድቃል። ይሄን ብዙ ተመላሾች አድርገውታል፤ እጅ ቶሎ አይለምድም።

አፋርን መምረጥሽ ግማሹ ጎበዝ ነው። ሜዳ ነው፣ ብዙ ቦታው ላይ ሰው የለም፤ ሶዩዞችም የሚያርፉት በካዛኪስታን ሜዳ ላይ ነው። ግማሹ ግን አደገኛ ነው። ሙቀት የቆዳን ደም ሥሮች ይከፍታል፣ ላብ ደግሞ ፈሳሽ ይወስዳል፤ ደሟ ለቀነሰ ሰው ይሄ በቀጥታ ወደ መውደቅ ነው የሚወስዳት። ዳሎል አካባቢ በቀትር ካሳረፍሻት ሐኪሞቹ ድንኳንና ግሉኮስ ይዘው አጠገቧ መሆን አለባቸው፤ ወይ ደግሞ ጎህ ሲቀድ አሳርፊያት። በማግስቱ አዲስ አበባ የሚለውን ግን ሰርዢው። ከባሕር ወለል በታች ካለ ቦታ ተነስታ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ከተማ ስትገባ ኦክስጅኑ ይሳሳል፤ ቀይ ሴሎቿ ደግሞ አንሰዋል፣ ልቧም ደክሟል። ተኝታ እንኳ ትንፋሽ ያጥራታል። አንድ ወር ያህል ዝቅ ያለ ቦታ አቆይያት። አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ልትሆን ትችላለች፤ እናቷ ወደዚያ ትምጣ።

ማቀፉ ታዲያ አይቅር። ያቅፉ! ግን እናትየዋ ናት ጎንበስ ብላ የምታቅፋት፤ በቀስታ፣ የጎድን አጥንቷን ሳትጫን። በራሷ ቆማ ማቀፍ የምትችልበት ቀን በኋላ ይመጣል። 6 ወር ቆይተው የሚመለሱት በቀናት ውስጥ ይራመዳሉ፣ ሚዛናቸው በሳምንታት ይስተካከላል፣ ጡንቻቸው በወራት ይመለሳል። አጥንት ግን ዘገምተኛ ነው። 17 ጠፈርተኞች ላይ የተሠራ ጥናት በ2022 ወጥቶ ነበር፤ ከተመለሱ ከአንድ ዓመት በኋላም የ9ኙ የቅልጥም አጥንት ወደ ቀድሞው አልተመለሰም ነበር። ለጀግናሽ በወራት የሚቆጠር በብረት ተደግፎ መራመድ፣ በዓመታት የሚቆጠር ሕክምና ጻፊላት። የእግሯ ማበጥ፣ አልጋና ልብስ የነካው ቆዳዋ መቅላትም አይረሳ፤ ስኮት ኬሊ ሁለቱም ደርሰውበታል።

«አይ፣ እኔ ሩጫውን እፈልገዋለሁ» ካልሽ መንገድ አለ። መንኮራኩሯን አሽከርክሪያት። የሚሽከረከር ትልቅ ቀለበት ውስጥ ያለ ሰው ወደ ውጪ ተገፍቶ ግድግዳው ላይ ይቆማል፤ ሰውነቱም እንደ ስበት ይቆጥረዋል። ጃፓኖች ጣቢያው ላይ አይጦችን በማሽከርከሪያ አኑረው ከሚንሳፈፉት ጋር አወዳድረዋቸው ነበር፤ የምድርን ያህል ግፊት ያገኙት አጥንትና ጡንቻቸው አልሰለለም። ስፋቱ ላይ ግን አትሰስቺ። በፊልም የምናየው ጠባብ ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከመሃል እስከ ወለሉ 5 ሜትር ቢሆን፣ የምድርን ያህል ለመግፋት በደቂቃ 13 ጊዜ መዞር አለበት፤ ያን ጊዜ እግሯ ላይ ሙሉ ክብደት ሲኖር ጭንቅላቷ ላይ ያለው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው፣ አንገቷን ባዞረች ቁጥርም ያስመልሳታል። በደቂቃ 2 ጊዜ ብቻ እንዲዞር ከፈለግሽ ከመሃል እስከ ወለሉ 224 ሜትር ያስፈልግሻል፤ እሱን ሰው ይለምደዋል። ከዚህ ደግሞ የሚያምር መካከለኛ መንገድ ይወጣል፦ ቀለበቱ 5 ዓመት ተኩል ሠርቶ የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ይቆማል። ያን ጊዜ ጀግናሽ እንደ ዛሬዎቹ ጠፈርተኞች ትሆናለች፤ ተደግፋ ጥቂት ትራመዳለች፣ አንባቢም ያምንሻል።

የቀረው ልጁ ነው። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚከብደው፤ ምክንያቱም ልጁ የሚመለስበት ምድር የለውም። እናቱ የነበራትን ነው ያጣችው፤ እሱ ግን መጀመሪያውኑ አልሠራውም። ሕዋ ላይ የተወለደ ሰው የለም፤ ምድር ላይ የምናየው ግን ብዙ ይነግረናል። የሕፃን ወገብ ወደ ውስጥ የሚቀስተው መቆምና መራመድ ሲጀምር ነው። የዳሌው ጉድጓድና የጭኑ አጥንት አንገት ትክክለኛ ቅርጻቸውን የሚይዙት በእግሩ ሲሄድ ነው፤ በአንጎል ጉዳት ምክንያት ቆመው የማያውቁ ሕፃናት ዳሌያቸው ሲወልቅ እናያለን። በ1991 ጄሊፊሽ የሚባሉ ወደ 2,500 የሚጠጉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ኮሎምቢያ በተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ወጥተው ነበር። እዚያ ያደጉት ቅርጻቸው ደህና ነበር፤ ወደ ምድር ሲመጡ ግን አንዳንዶቹን መዋኘት አስቸገራቸው። ሚዛናቸውን የሚጠብቅላቸው አካል ስበትን አያውቅም ነበር ተብሎ ይገመታል። በ1998 ደግሞ ገና ጡት የሚጠቡ አይጦች 16 ቀን ቆይተው ሲመለሱ፣ በጀርባቸው ሲጋደሙ ተገልብጠው የሚነሱበት መንገድ ከእኩዮቻቸው የተለየ ሆነ፤ ምድር ላይ ለወራት ኖረውም ልዩነቱ አልጠፋም። አንዳንድ ነገር የሚማሩበት ዕድሜ አለ፤ ያ ዕድሜ ካለፈ በሩ ይዘጋል።

በብዙ ልብ ወለድ እንዲህ ያለ ልጅ በጣም ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይሳላል። ቅጥነቱ ልክ ነው፤ አጥንት የሚወፍረው ሲሸከም ነውና። ቁመቱን ግን አታጋንኚው። ጠፈርተኞች እስከ 3 በመቶ የሚረዝሙት አከርካሪያቸው ስለሚዘረጋ ነው፤ ሲመለሱ ያጥራል። የ4 ዓመት ልጅሽን እኔ ብጽፈው ራሱ ተለቅ ያለ፣ እግሩ እንደ ክንዱ የቀጠነ፣ እጁ ግን ጠንካራና ፈጣን፣ በእግር ጣቶቹ ዕቃ የሚይዝ አድርጌ ነበር። መሄድ አይችልም፤ መብረር ግን ይችላል። ያን ልጅ በ4 እጥፍ ጫና አፋር ላይ ማውረድ ጭካኔ ነው፣ ሐኪሞቹም አይፈቅዱም። ቀስ በቀስ እየፈጠነ የሚሽከረከር ቀለበት ውስጥ ለዓመታት ካልተለማመደ በቀር ባይወርድ ይሻላል።

ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ እንዲገናኙ የምትፈልጊ ከሆነ አቅጣጫውን ቀይሪው፤ አያትየዋ ትውጣ። የዕድሜዋ ነገር እንዳያሳስብሽ። ያ ፊደል ሲያነብ የነበረው ጆን ግሌን በ1998 እንደገና ወጥቷል፤ 77 ዓመቱ ነበር፣ 9 ቀን ቆይቶም በሰላም ተመልሷል። ጤነኛ ልብ ላላት አሮጊት ለአጭር ጊዜ መንሳፈፍ ከባድ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ታስመልስ ይሆናል፣ ከዚያ ጉልበቷን እንኳ አያማትም። ልጁ ደግሞ እንዴት እንደሚኬድ ያሳያታል።